በመዳፍ የተቀዳ

«ይኼ ውስኪ» አለች ሰርክአዲስ መዳፏን በፎጣ እየጠረገች፣ «ለሠርግ ኮት ተውሶ ሳይመልስ የቀረ ሰውዬ ነው። ከሩቅ ሲያዩት የተከበረ ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉት የሌላ ሰው ላብ ይሸታል።»

ይኸነው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሳቀ። «እንዲህ ብዬ ለአለቃዬ ልጻፍለት?»

«ጻፍለት። ኮቱም ይጠበዋል ብለህ ጨምርበት።»

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ መዋደዳቸውን ሁለቱም ለራሳቸው ገና ባላመኑበት ጊዜ ነው። ይኸነው የዳንግላ ልጅ ነው። የማርኬቲንግ ዲግሪውን ይዞ ባሕር ዳር ላለ አንድ የመጠጥ አስመጪ በሻጭነት ይሠራል። የድርጅቱን ነጭ መኪና እየነዳ ከዳንግላ እንጅባራ፣ ከእንጅባራ ጥሊሊ፣ ከዚያ ተመልሶ ጫግኒ ይወርዳል። ትልቁ ደንበኛው የእንጅባራው ነጋዴ አቶ ሽባባው ናቸው። ሱቁን የምትመራው ግን ልጃቸው ሰርክአዲስ ናት፤ አካውንቲንግ ተምራ የተመለሰች፣ ረጋ ብላ የምትራመድ፣ አፏን ስትከፍት ግን ምላጭ የምትሆን ልጅ።

ይህ ምላስ ዝም ብሎ አልመጣም። በአቶ ሽባባው ቤት ደንብ፣ መጠጥ የምታሳልፍ ሴት ለእንግዳ ከመቅዳቷ በፊት ጥቂት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። መጠጡ ክፉ ነገር እንደሌለበት በገዛ አፏ መሰከረች ማለት ነው። ሌሎች ሴቶች ከንፈራቸውን ነካ አድርገው ያልፉታል። ሰርክአዲስ ግን አሳላፊ ከሆነችበት ቀን ጀምሮ የምር ትቀምስ ነበር። ብርጭቆ መጠጡን እንደሚያቆነጀው፣ መዳፍ ግን አሙቆ ገመናውን እንደሚያወጣው ማንም ሳይነግራት ደረሰችበት። ሱቁን ከተረከበች ወዲህም አዲስ መጠጥ በመጣ ቁጥር መዳፏን ትዘረጋለች። አንዴ ብቻ። ደንቡ ካላስገደዳት የቱንም መጠጥ ደግማ ቀምሳ አታውቅም። «አንዴ የሰማሁትን ውሸት ምን ያስደግመኛል?» ትላለች።

ጠጪውንም ከመጠጡ እኩል ትንቃለች። የከተማው ሰው ውስኪን በስሙ አይጠራም፤ በሥዕሉ ነው። «ባለ ድልድዩን አምጪ»፣ «ባለ ጉጉቱ አለሽ?» ይላል። ጠርሙሱን ጨርሶ፣ ባዶውን ሻይ ሞልቶ ቡፌው ላይ የሚደረድር የቢሮ ኃላፊ ታውቃለች። ውስኪውን በኮካ አጥለቅልቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ «እንጨቱ ይሰማኛል» የሚል ኮንትራክተርም ታውቃለች። «እንጨቱ የተሰማው ከተቀመጠበት ወንበር ነው» ትላለች ሰውየው ሲወጣ።

ይኸነው ታዲያ ናሙና ባወረደ ቁጥር ፍርዷን በጉጉት ይጠብቅ ጀመር። ጂን አመጣላት፤ «ሽቶ ቤት ሲቃጠል የተረጨ ውኃ» አለችው። ቮድካ አመጣላት፤ «ማንንም ያልበደለ፣ ማንንም ያልጠቀመ ሰው። ቀብሩ ላይ የሚያለቅስ አይገኝም» አለች። ብራንዲውን «ጡረታ የወጣ ከረሜላ» ብላ አሰናበተችው። ባለ ድልድዩን የቀመሰች ዕለት ደግሞ ዓይኗን ጨፍና ቆየችና፣ «ከሰል የጫነ አይሱዙ ጥሊሊ ዳገት ላይ ተበላሽቷል። ሹፌሩ ከሥሩ ገብቶ ተኝቷል፤ ናፍጣው ግንባሩ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ይኼ የዚያ ሹፌር ግንባር ነው» አለች።

እሱ መንገድ ላይ ከሆነ፣ ኔትወርክም ካለ፣ ፍርዷን በድምፅ ትልክለታለች። መኪናውን ዳር አቁሞ ደጋግሞ ይሰማዋል። አንድ ቀን የሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ ከወትሮው ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቃት።

«ሰርኬ፣ እሺ አንቺ የምትወጂው ምን ዓይነት መጠጥ ነው?»

«ሌላ ለመምሰል የማይሞክር።»

ቀና ብሎ አያት። ስትቀልድ ነበር የሚያያት፤ ሳትቀልድ ሲያያት ይህ የመጀመሪያው ነው። የመኪናውን ቁልፍ እያገላበጠ አንድ ነገር ሊናገር ከጀለና ተወው። ከሄደ በኋላ ክርኑ ያረፈበትን የባንኮኒ ጥግ ልትወለውል ፎጣውን አነሳች። እጇ እምቢ አላት።

*

በሚቀጥለው ሳምንት አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ዋለች። ለማን እንደለበሰችው ለራሷም አልነገረችም። ነጩ መኪና አልመጣም። በምትኩ የዳንግላ ሚኒባስ ረዳት ትንሽ የውኃ ላስቲክ ጠርሙስ በበሩ አቀበላት። ላስቲኩ ላይ ምንም ምልክት የለም፤ ውስጡ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው።

«ይኸነው ነው የላከው። ቀምሰሽ በድምፅ ላኪልኝ ብሎሻል» አለና ወደ ሚኒባሱ ሮጠ።

የጠበቀችው ላስቲክ አልነበረም። ቀሚሷን ቁልቁል አየችው። ከዚያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ስልኳን አፏ ድረስ አስጠጋችው።

«አረቄ ነው። ይኼን ያወጣችው ሴትዮ ከማጀቷ ወጥታ አታውቅም። ጭሱ መጀመሪያ ዓይኗ ገባ፤ ከዓይኗ እጇ ላይ፣ ከእጇ ጠርሙሱ ውስጥ። ለእንግዳ አይቀርብም። ይኼን የሚጠጣ ሌላ የሚጠጣው ያጣ ሰው ነው። ድርጅትህ እዚህ ድረስ ከወረደ አንተም ሌላ ሥራ ብትፈልግ ይሻልሃል።»

ላከችው። መሰማቱን ስልኩ አሳያት። ሳቁን ጠበቀች።

ሳቁ አልመጣም። በሳምንቱ ነጩ መኪና ሲመጣ ከመሪው የወረደው ሌላ ሻጭ ነበር፤ ማስቲካ የሚያላምጥና እሷን «የኔ እመቤት» የሚል ልጅ። በሚቀጥለውም ሳምንት እሱው መጣ። ሰርክአዲስ በመጀመሪያ «በሳቅ ፈነዳህ እንዴ?» ብላ ጻፈች። ቀጥሎ «ታመህ ነው?» አለች። በመጨረሻ፣ ሱቁ ባዶ በሆነበት ሰዓት፣ «ምን አደረግሁህ?» ብላ ላከች።

መልሱ አጭር ነበር።

«የእናቴ ነበር። እሷ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው ድምፅሽን የከፈትኩት።»

ስልኩን ባንኮኒው ላይ ደፋችው። እሱ ሕፃን ሳለ አባቱ እንደሞቱ፣ ያሳደጉት እናቱ ወይዘሮ ካሳነሽ እንደሆኑ ነግሯታል። በምን እንዳሳደጉት ግን ጠይቃው አታውቅም። የስንቱን ጠርሙስ አገርና ዕድሜ የምትመረምር ልጅ፣ ፊቷ የቆመውን ሰው ከየት መጣህ አላለችውም። አሁን ማጀቱ ታያት፤ ሴትየዋ እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ልጃቸው አጠገብ ሲቀመጡ፣ ይኸነው በኩራት «እስቲ ምን እንደምትል ስሚያት» ብሎ ድምፁን ከፍ ሲያደርገው።

«ይቅርታ» ብላ ጻፈችና አየችው። ቃሉ እንደሚሸጡት ውስኪ መስሎ ታያት፤ ካርቶኑ የሚያምር፣ ውስጡ የማይታመን። አጠፋችው። በምትኩ «እናትህ ምን አሉ?» ብላ ላከች።

ከብዙ ቀን በኋላ መለሰላት።

«ምንም። ሳቀች። ከዚያ ምድጃዋን አጠፋች።»

ሰርክአዲስ በዚያ ሳምንት ሦስት ዓይነት መጠጥ መጥቶላት አንዱንም አልቀመሰችም። መዳፏን በከፈተች ቁጥር አንዲት የማታውቃት ሴት ዓይን ያያት ነበር።

*

አቶ ሽባባው ክፉ ሰው አይደሉም። ዕድር ላይ ቀድመው ይገኛሉ፤ ለልጆቻቸው ትምህርት ያላቸውን አልሰሰቱም። ግን መጠጥ መሸጥና መጠጥ ማውጣት ለእሳቸው ሰማይና ምድር ናቸው። በካርቶን የሚመጣው ንግድ ነው፤ በእንስራ የሚመጣው ውርደት። ፊታቸው የሚከብደውም ሆነ የሚፈታው በመጣው ሰው ጫማ ነው።

በዚያ ሰሞን አንድ ነጋዴ በጫግኒ በኩል ብዙ ካርቶን ባለ ጢሙ አምጥቶ በወረደ ዋጋ አራገፈላቸው። ባለ ጢሙ የሚባለው ካርቶኑ ላይ ጢማም ሽማግሌ የተሳለበት የታወቀ ውስኪ ነው። ሰርክአዲስ ቀምሳ ወዲያው ተፋችው።

«አባዬ፣ ይኼ ባለ ጢሙ አይደለም። ጢሙን የተዋሰ ነው። የተቃጠለ ስኳር፣ ቀለም፣ ከዚያ ደግሞ መርፌ ከመወጋታችን በፊት ክንዳችን ላይ የሚቀቡን ነገር። የተቀየጠ ነው፤ ይመልሱት።»

«ሰው የሚገዛው ካርቶኑን ነው» አሉ አባቷ ቀና ሳይሉ። «ግማሹ አይከፍተውም።»

«የከፈተውስ?»

«የከፈተው አያውቀውም። ሁሉ እንዳንቺ ምላስ ያለው መሰለሽ?»

ካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ወጣ። እንደሌላው ዕቃ ሁሉ የሱቁ ትንሽ አረንጓዴ ምልክት ተለጠፈበት። እሷም ዝም አለች። ለጂኑና ለብራንዲው ያልሰነፈ ምላሷ ለአባቷ ሰነፈ።

በሳምንቱ አቶ ሽባባው ምሳ ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያ የዳንግላው ልጅ እሑድ ሽማግሌ እልካለሁ ብሏል። መልእክት ደርሶኛል።» እናቷን ወይዘሮ እህተማርያምን አዩ እንጂ እሷን አላዩም። «የማን ልጅ እንደሆነ አጣርቻለሁ። የአረቄ ቤት ልጅ። ጠርሙስ ተሸክሞ ገብቶ ሴት ልጅ ተሸክሞ ሊወጣ!»

«ሰው መጣ ማለት ተሰጠ ማለት አይደለም» አሉ እናቷ በእርጋታ። «መምጣቱን ምን አስጠላዎት?»

ሰርክአዲስ ያነሳችውን ጉርሻ መልሳ አኖረችው። ከዚያች አጭር መልእክት ወዲህ ከይኸነው አንድ ቃል አልሰማችም። ታዲያ ሽማግሌው ለምን መጣ? ሊወስዳት ነው? ወይስ በደንብ እምቢ ተብሎ፣ በደንብ ሊረሳት? ሁለቱም እኩል አስፈሯት። የሁለተኛው ግን ፍርሃት መሆኑ ቀርቶ እንደ ሐዘን ደረቷ ላይ ተቀመጠ።

*

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በጥቅምትም የማይተወው የእንጅባራ ካፊያ ቆርቆሮውን ሲነካካ፣ ሦስት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆሙ። ፊተኛው የይኸነው አጎት አቶ አሳምነው ናቸው፤ ከዳንግላ ወጣ ብለው ገብስ የሚያርሱ ረጅም ሰው። ቀጥለው ቄስ ዋጋዬ፣ ከኋላ ደግሞ አንድ ዝምተኛ ጎረቤት።

«ተቀመጡ» አሉ አቶ ሽባባው። «በቤቴ ሰው አይቆምም። መቀመጥ ግን እሺታ አይደለም።»

«እናውቃለን ጌታዬ» አሉ አቶ አሳምነው። «እኛም ለጉልበታችን ብለን ነው የምንቀመጠው።»

ቄስ ዋጋዬ ባረኩና ጉዳዩን አነሱ። ልጅዎን ለልጃችን አሉ። የተማረ ነው፣ ሠርቶ አደር ነው፣ እናቱን አክባሪ ነው አሉ።

«እናቱ ማን ናቸው?»

«ወይዘሮ ካሳነሽ።»

«ሥራቸው?»

ቄሱ ፈገግ አሉ። «እያወቁ ነው የሚጠይቁን። አረቄ ያወጣሉ።»

አቶ ሽባባው ቃሉ ቤቱን እስኪሞላው ጠበቁ። ያኔ አቶ አሳምነው ከጋቢያቸው ሥር ካርቶን አወጡና በሁለት እጃቸው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ባዶ እጃችንን አልመጣንም» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበር።

ባለ ጢሙ ነው። ከካርቶኑ ጥግ አረንጓዴዋ ምልክት ተለጥፋለች።

ሰርክአዲስ በማጀቱ በር ቆማ አየቻት። ሽማግሌዎቹ ጠዋት ከተማ ሲገቡ ከአባቷው ሱቅ ገዝተውታል፤ ባንኮኒው ላይ የነበረው ተቀጣሪ ማን እንደሆኑ አያውቃቸውም። ዓይኗን ወደ አባቷ መለሰች። አባቷም ምልክቷን አይተዋታል። ፊታቸው ላይ ድንጋጤ ፈለገች፤ ያገኘችው ግን ሌላ ነገር ነው። ደስታ መሰላት።

«ሰርክአዲስ» አሉ አቶ ሽባባው፣ ለስለስ ብለው። «ነይ ክፈቺውና አሳልፊ። እንደ ደንባችን።»

ከፈተችው። መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች። የተቃጠለው ስኳር፣ ቀለሙ፣ የመርፌ ክፍሉ ሽታ ተራ በተራ መጣ። ምላሷ ባለፈው እንዳደረገው ሊተፋ ተነሳ። ያኔ ገባት። አባቷ የሚጠብቁት ይህንኑ ነበር። እሳቸው ሰውን በአፋቸው አያባርሩም፤ የሚያባርርላቸው የእሷ ንቀት ነው። ስትተፋው «አያችሁ? ወደ ቤቴ ይዛችሁ የመጣችሁትን አያችሁ?» ይላሉ፤ ሽማግሌዎቹ በራሳቸው ጠርሙስ አፍረው ይወጣሉ። ብትውጠውና «ጥሩ ነው» ብትል ደግሞ፣ ሽማግሌዎቹ ይድናሉ፤ ይኸነው የወደዳት ያቺ የማትዋሽ ልጅ ግን በዚያው ጉሮሮ ትወርዳለች።

መጠጡን አፏ ውስጥ ይዛ ቆመች።

አቶ አሳምነው ወደ ቄሱ ጎንበስ አሉና በአዊኛ ማንሾካሾክ ጀመሩ። አቶ ሽባባው ቋንቋውን አይሰሙም፤ ተወልደው ያደጉት በአማርኛ ብቻ ነው። ሰርክአዲስ ግን ልጅነቷን ሙሉ የገበያ ቀን ከገበሬ ጋር በአዊኛ ስትሟገት ነው ያደገችው።

«ፊቷን አየኸው? የካሳነሽን ነበር ይዘን መግባት። የዚህችን ልጅ ምላስ ፈርተን መኪና ውስጥ ትተነው፣ እንዳንናቅ ብለን ይኼን ገዛን።»

«እና አሁን ምን ይሁን?»

«እንጃ። ለእኛ አዝና ከዋጠችው ነው የሚከፋኝ። ካሳነሽ አምጡልኝ ያለችን የማታዝንላትን ልጅ ነው።»

ሰርክአዲስ ፊቷን አዙራ ከጓዳ በር ያለው ሳህን ውስጥ ተፋችው። አቶ ሽባባው ትከሻቸው ቀና አለ። ተመልሳ መጣችና ግን ወደ ሽማግሌዎቹ አልሄደችም። አባቷ ፊት በርከክ አለች፤ ጠርሙሱን ያዘች።

«አባዬ፣ መዳፍዎን።»

«ምን?»

«ይኼን ለእንግዳ አልመሰክርም። እርስዎ ይቅመሱትና ይመስክሩለት።»

አቶ ሽባባው በእንግዳ ፊት ልጃቸውን ሊቆጡ አልቻሉም፤ መዳፋቸውን ዘረጉ። ቀዳችላቸው። ቡናማው ፈሳሽ በመዳፋቸው መስመሮች ውስጥ ገባ፤ ካርቶን ሲሸከም በኖረ እጅ መስመሮች ውስጥ። ልጃቸው ከታች ወደ ላይ አየቻቸው። በዚያ ሁሉ ጠርሙስ ላይ የፈረደው ዓይን አሁን አይፈርድም፤ ይለምናል።

እጃቸው ወደ አፋቸው ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብለው ገለበጡት። ፈሳሹ የተጎዘጎዘው ሣር ላይ ፈሰሰ።

«አንሺው» አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ ሽማግሌዎቹን ሳያዩ፣ «የገዛችሁበት ሱቅ የእኔ ነው። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም» አሉ።

ሰርክአዲስ በሕይወቷ ስንት መጠጥ ንቃለች። አባቷን ግን ያን ቅጽበት ያህል አክብራ አታውቅም። እንባዋ ሊመጣባት ሲል ብድግ አለችና ወደ አቶ አሳምነው ዞረች። በጥሩ አዊኛ፣ መኪናው ውስጥ የተዉትን ልታመጣ እንደምትወጣ ነገረቻቸው።

አቶ አሳምነው አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ቄስ ዋጋዬ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በሳቅ ተንፈቀፈቁ። «አንተ ሰውዬ፣ ዝም በል ልልህ ነበር እኮ!»

*

ነጩ መኪና ከአጥሩ ጥግ ቆሟል። ይኸነው ለዛሬ ከባልደረባው ተቀብሎት፣ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል፤ መስታወቱ ከትንፋሹ ጉም ለብሷል። በሩን ስትከፍተው ደንግጦ ወረደ። ካፊያው በሁለቱም ራስ ላይ ያርፍ ጀመር።

«አባረሯቸው?»

«የት አለ?»

«ምኑ?»

«የእናትህ።»

ፊቱ ተለወጠ። «ተይው ሰርኬ። እሱን አንዴ ቀምሰሽዋል።»

«አንተም አንዴ ነው የተናገርከኝ! ሳቀች፣ ምድጃዋን አጠፋች፣ አበቃ! ይኼ መልእክት ነው ወይስ ቀብር? እኔ እኮ በየቀኑ ያን ማጀት ስዞረው ነው የከረምኩት። እናትህን አላውቃቸውም፤ ፊታቸውን ግን ስንት ዓይነት አድርጌ ሣልኩት መሰለህ!»

«ምን ልጽፍልሽ ነበር? ተቆጥቼ ነበር።» ድምፁ ተሰበረ። «በአንቺ አይደለም። በራሴ ነው። ስምሽን ከሰማች ጀምሮ ስታስቸግረኝ ነበር፤ 'የእኔን ምን ትለው ይሆን?' እያለች። እኔ ግን የማን እንደሆነ ሳልነግርሽ ላክሁልሽ። ለምን እንዳልነገርኩሽ ታውቂያለሽ? አፍሬ ነው። በእናቴ። አንቺ የናቅሽው መጠጡን ነው፤ እኔ ግን እሷን ነው የደበቅኳት።»

ካፊያው የሰርክአዲስ ሽፋሽፍት ላይ ተንጠለጠለ።

«አልዋሽሽም፣ አልቅሳለች» አለ ይኸነው። «መጀመሪያ ሳቀች፣ ማታውን አለቀሰች። ጠዋት ስነሳ ምድጃዋን እያፈረሰች አገኘኋት። 'ልጅቱ እውነቷን ነው' አለችኝ። 'ያን ጊዜ ድፍድፉ አርሮብኝ ነበር፤ ጭሱም መውጫ የለውም። ስንት ዘመን ሲጠጡልኝ፣ ተባረኪ ሲሉኝ ኖሩ፤ አንድ ሰው ጭሱን አልነገረኝም። ይቺን አምጣልኝ' አለች። አዲስ ምድጃ ሠራች፤ ጭሱ በጣሪያ የሚወጣ። መጀመሪያ ያወጣችው ይኼው መኪናው ውስጥ ያለው ነው። አጎቴ ግን ምላስሽን ፈርቶ አልገባም አለ፤ እኔም ዳግመኛ ፈሪ ሆንኩና እሺ አልኩት።»

«ቅዳልኝ።»

«ሰርኬ...»

«ቅዳልኝ ይኸነው። ሁለታችሁም ፈሪ ናችሁ፤ እኔንም ጨምር። ከሁላችን የማይፈሩት እናትህ ብቻ ናቸው።»

ከወንበሩ ሥር ጠርሙሱን አወጣ። ቡሽ የተወተፈበት ተራ ጠርሙስ ነው፤ ሥዕል የለው፣ ድልድይ የለው፣ ጢም የለው። መዳፏን ዘረጋች። መዳፏን ሳይሆን ፊቷን እያየ ስለቀዳ ግማሹ በጣቶቿ መሃል አመለጠ። የቀረውን ቀመሰች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

መጀመሪያ ብርድ መጣ፤ ከዚያ ገብስ፣ በጥቅምት ማሳ ላይ ቆሞ የሚሸት ገብስ። ከገብሱ ኋላ ጌሾው መረር አለ። ከሁሉም ኋላ፣ በጣም ከሩቅ፣ የሆነች ሴት ምድጃ ፊት ቁጭ ብላ የምታስብበት ዝምታ።

ይኸነው ቡሹን በእጁ እንደያዘ ጠበቀ። ስንት ጠርሙስ ስትሰቅል አይቷል። አሁን በሚመጣው ቃል የሚሰቀለው እሱ ነው።

«አሁንም ጭስ አለው» አለች ዓይኗን ሳትከፍት።

ትከሻው ወረደ። «አለው?»

«ትንሽ። በጣም ትንሽ። ቤታችሁ ስገባ ለእናትህ እነግራቸዋለሁ፤ የጣሪያው ቀዳዳ ይስፋ።» ዓይኗን ከፈተች። «ድፍድፉ ግን አላረረም። ሌላም ለመምሰል አልሞከረም።»

ከቤት ውስጥ የአቶ ሽባባው ድምፅ መጣ፤ ወፍራም፣ ተቆጪ፣ እንደ ሁልጊዜው ንቀት ያልጎደለው።

«ሰርክአዲስ! እንግዳ አፉ ደርቆ እስከ መቼ ነው የሚቀመጠው? ይዘሽው ነይ! ያን ልጅም አስገቢው፤ ዝናብ ላይ አቁመሽ የምትገትሪው ባለቤት የለውም እንዴ?»

ይኸነው ወደ በሩ ዞረ፣ ወደ እሷ ተመለሰ፣ የሰማውን ማመን አቅቶት ጠርሙሱን ደረቱ ላይ አቀፈው። መሳቅ ፈለገ፤ ከንፈሩ ግን ወደ ሳቅ ሊሄድ ተነስቶ መንገድ ላይ ጠፋበት።

«እንግባ?» አላት።

ሰርክአዲስ አልተንቀሳቀሰችም። መዳፏን አየችው፤ እርጥብ ነው፤ የትኛው ካፊያ፣ የትኛው አረቄ፣ የትኛው እንባ እንደሆነ አይለይም። ስንት መጠጥ አንዴ ቀምሳ ያሰናበተች መዳፍ ናት። ቀስ ብላ እንደገና ዘረጋችለት።

«ድገመኝ» አለች።